ዘጠና ሰባት በመቶ

ቪዲዮ ማቀናበሪያው ለአምስተኛ ጊዜ ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ ደርሶ «ሜሞሪ አልበቃም» ብሎ በልጅቷ ፊት ድርግም አለ። እናቷ መነጽራቸውን ጠርገው የሟች አባቷን ሳቅ ይጠብቃሉ።

«ደርሷል እማዬ፣ ቦታ ጠቦት ነው» አለችና ከአባቷ ስልክ የገለበጠቻቸውን ቪዲዮዎች አጥፍታ የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫትም ባዶ አደረገች። ማቀናበሪያው ውስጥ ገብተዋል ብላ ነበር። ስልኩንማ ወንድሟ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ለሰው ሰጥቶታል።

ማቀናበሪያው አሁን ሳያንገራግር ተከፈተ። ጥቁር መስኮት ላይ በደቃቅ ፊደል «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። ለካ ፕሮግራሙ የያዘው ቪዲዮዎቹን ሳይሆን የተቀመጡበትን አድራሻ ብቻ ነበር።

«ተከፈተ አይደል?» አሉ እናቷ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው። «እስቲ ድምፁን ጨምሪው።»

ጨመረችው።