ፋዮ «አላውቅም» ያለች ዕለት

«አላውቅም» አለች ፋዮ በእንግሊዝኛ፣ ቀና ብላ።

ከእንግሊዝኛው ሁሉ ለአቶ ደገፋ የገባቻቸው ይቺው ብቻ ነበረች። ልባቸው ስንጥቅ አለ። የኮምፒውተሩ ካሜራ እንዳያያቸው ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ተቀምጠው የልጃቸውን የዶክትሬት ፈተና ሲያዳምጡ አርፍደው፣ መጨረሻው ይሄ ሆነ?

ጌጃ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነው ወደ ነስረዲን ሱቅ የመጡት፤ እሱ ጄኔሬተር አለው። አላህ ይስጠው፣ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዶ ደንበኛ ሲመልስ ነው ያረፈደው።

ውጭ አገር ያሉት ፈታኞች አንድ ነገር ተናገሩና ስክሪኑ ጭልም አለ።

«አስወጧት እኮ!» አለ ነስረዲን።

«ሊመካከሩ ነው እንጂ። ለውጤቱ መልሰው ይጠሩኛል።»

«የኔ ልጅ፣ ምን ጠይቀውሽ ነው እንዲህ ያቃተሽ?» አሉ አቶ ደገፋ።

ፋዮ ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ከጋላክሲያችን መሐል አንድ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ብርሃን እንኳ ከገባ የማይወጣበት። እዚያ አካባቢ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች የብርሃንን ፍጥነት ለጥቂት እስኪስቱ ይፈተለካሉ። ከጋዝ ደመና ጋር ሲላተሙ ጋማ ጨረር ይወጣል፤ ዓይን የማያየው ብርቱ ብርሃን ነው። እኔ ያጠናሁት እሱን ነው። ግን ቅንጣቶቹን ማን እንዲህ አስፈነጠራቸው? አንዳንዱ ጉድጓዱ ነው ይላል፤ አንዳንዱ የፈነዱ ኮከቦች ናቸው ይላል። ያገኘሁት መረጃ ለሁለቱም አይፈርድም። ታዲያ ማነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ከሁለቱ አንዱን አትያቸውም ነበር?» አለ ነስረዲን። «ማን እዚያ ድረስ ሄዶ ያጣራል?»

አቶ ደገፋ ገላመጡት። ያን ሁሉ ሊቅ ፊት ለፊት እያየች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣ ያላየችውን አየሁ አላለችም። ቅድም የያዛቸው ፍርሃት ለቀቃቸው።

«ከፈለጉ ይጣሉሽ!» አሉ። «ደግ አደረግሽ። ኮራሁብሽ።»

ፋዮ ልትመልስ ስትል ስክሪኑ በራ። ዞር ብላ ተስተካክላ ተቀመጠች፤ እጆቿን ግን ጠረጴዛው ሥር ጭብጥ አድርጋቸዋለች። መሐል ያሉት ሽበታም ፕሮፌሰር ፈገግ አሉ። በአገራቸው ልማድ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው።

«ኮንግራጁሌሽንስ፣ ዶክተር ደገፋ!»

«አቤት!» ብለው አቶ ደገፋ ብድግ አሉ።

ነስረዲን ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በመዳፉ ያዘ። ፋዮ ማንንም አላረመችም። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ወንበሯን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ ካሜራው ፊት ለአባቷ ቦታ ለቀቀችላቸው።