የመምህር ሲሞን ጃንጥላ

የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ሲመጣም በረዶ ይዞ መጣ፤ የቡናውን አበባ አረገፈው። ለቃሚ መቅጠር ያቃተው ገበሬ የተረፈችውን ፍሬ ለመልቀም በኅዳር ልጆቹን ይዞ ወጣ። መምህር ሲሞን የሚመሩት ትምህርት ቤት ባዶ ወንበር ታቅፎ ከረመ።

አሁን መምህሩ ጨለለቅቱ ከተማ፣ በወረዳው ትምህርት ኃላፊ በተናኘወርቅ ቢሮ ውስጥ ቆመዋል። ከተራራው በእግራቸው ነው የወረዱት። ባርኔጣቸው ይንጠባጠባል።

«ቁጭ ይበሉ፣ ጋሼ።»

«ጃንጥላዬን አመጣሽ?»

ተናኘወርቅ ሳቋ ያመልጣታል። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው ያዋሷት፤ ነፋስ ከእጇ ነጥቆ ገደል ከተተው። ከዚያ ወዲህ ባገኟት ቁጥር ይጠይቋታል። በሠርጓ ቀን እንኳ አልማሯትም።

«ጃንጥላው ይቆይ» ይላሉ። «ትምህርት ቤቴን ልትዘጊ ነው አሉ።»

«እኔ ሳልሆን ይሄ ነው» ብላ ኮምፒውተሩን ታዞርላቸዋለች። አዲሱ ፕሮግራም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ የየትምህርት ቤቱን የተማሪ ቁጥር አይቶ ይመክራል። ምክሩ አጭር ነው፦ ብዙ ተማሪ ስለሚቀር ከታችኛው ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀል። ታችኛው ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ሲሞላ ትንንሾቹ አይሻገሩም።

መምህሩ መነጽራቸውን ጠርገው ያነባሉ።

«ቡና ለቅሞ ያውቃል?»

«ማን?»

«ይሄ አማካሪሽ።»

«እጅ የለውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገሪው!»

«ለሱ ነው የጠራሁዎ። ልጆቹ መቼ ወጡ? መቼ ተመለሱ?»

እሳቸው ይናገራሉ፤ እሷ ትጽፋለች። የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ዓመታት ለቀማም ታስገባለች። ሲጨርሱ መምህሩ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀጥ ይላሉ።

መልሱ ይመጣል። ተናኘወርቅ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፦ «የለቀማው ወቅት ከስሌቱ ሲወጣ፣ ይህ ትምህርት ቤት ተማሪ እምብዛም ከማይቀርባቸው አንዱ ነው። መዝጋቱን አልመክርም። በለቀማ ወቅት ትምህርቱ ልጆቹ ወዳሉበት ቢሄድስ?»

«ሌባ!» ይላሉ መምህሩ። «ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሜ ቡና ማጠቢያው ድረስ ስሄድ የት ነበር?»

«እኔ እዚያ ነበርኩ። ክፍልፋይ የተማርኩት የቡና ማድረቂያው አልጋ ሥር ቁጭ ብዬ ነው።»

«ክፍልፋይ እንኳ አልገባሽም ነበር።»

«ለምን ተዉት ታዲያ?»

«ወገቤን ጠይቂው።»

«ለመጪው ለቀማ ሰሌዳውን የሚሸከም ሰው እልካለሁ። ነገ ዲላ የዞኑ ስብሰባ አለ፤ ትምህርት ቤቱ አይዘጋም ብዬ ፈርሜ ይዤ እገባለሁ።»

መምህሩ በአገጫቸው ወደ ኮምፒውተሩ ያመለክታሉ። «ፈቀደልሽ?»

«እሱ ይመክራል፤ ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ባይመክረኝም እፈርም ነበር፤ ግን ዲላ ላይ ማስረጃ ይጠይቁኛል።»

ወረቀቱን ትፈርማለች። ከዚያ ትነሳና ከመደርደሪያው ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታወጣለች። ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ እጀታው እንደ ድሮው እንጨት።

መምህሩ ያገላብጡታል። ከፈት አድርገው ይዘጉታል።

«የኔው ሰፋ ያለ ነበር» ይላሉ።

ዝናቡ አላባራም። ተናኘወርቅ በመስኮት ታያቸዋለች። መምህር ሲሞን ዳገቱን ተያይዘውታል፤ ከባርኔጣቸው ውኃ ይወርዳል። አዲሱን ጃንጥላ እንዳይረጥብ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል።