የመቅረጸ ድምፁ ባለቤት

«ተማሪው ራሱ ይምጣ። ለዓይነ ስውር የሚሰጥ ዕቃ በመልእክተኛ አይወጣም» አሉ የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮው ሠራተኛ። ልጅቷ መቅረጸ ድምፁ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሳቸው ሲጎተት ሰማች።

«ተማሪዋ እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

ሰውየው እንዳላመኗት ገባት። የሰኞው ፈተና ትምህርት በሙሉ የተቀዳው እዚያች ዕቃ ላይ ነው፤ ዛሬም ባዶ እጇን ከወጣች በምን ልታጠና ነው? ጥፋቷ ነጭ በትሯን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መክተቷ ነበር። ኮሪደሩ መሀል የተገተረውን አግዳሚ ወንበር ዞራ፣ በሩን ሳትዳብስ ቀጥ ብላ ስትገባ ለካ እሳቸው ቁጭ ብለው ያዩዋታል። አሁን ወንበራቸው ሲጥ አለ። ግንባሯ ላይ ቀጭን ንፋስ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ከመስኮቱ ነው እንዳትል መስኮቱ ከጀርባዋ ነው፤ ደግሞስ የመስኮት ንፋስ ምን ሲል የእጅ ሳሙና ይሸታል? ብትስቅ «አየችኝ» ሊሉ ነው፤ ብትቆጣም «ነቃሁባት» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዝንብ እያባረሩልኝ ከሆነ እኔ ላይ አላረፈም።»

ንፋሱ ቆመ። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዕቃውን ግን አልለቀቁም።

«እሺ፣ ያንን አግዳሚ ወንበር ያለ በትር እንዴት አለፍሽው?»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ‹ነገ ነይ› ብለውኛል፣ ጋሼ። አሁንማ ወንበሩም ለምዶኝ ራሱ መንገድ ይለቅልኛል።»