የሸዋንግዛው ኮት

ሸዋንግዛው ጠዋት ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል፤ ማታ ሊወስደው ብቅ ይላል። ባለጉዳይ ሲጠይቅ ከጎኔ የምትቀመጠው ሳምሪ ከስልኳ ቀና ሳትል "አለ፣ ኮቱ ይኸው" ትላለች። የሱን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ እንኳን ብሎኝ አያውቅም።

ትናንት ከቱርሚ በአይሱዙ ተጭነው ጂንካ የገቡ ሽማግሌ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ኮቱ ፊት ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ጉዳዬን ለዚህ ልንገረው?"

በቃኝ። ተነስቼ ኮቱን ከወንበሩ ላይ መነጨቅኩት። ይሞቃል፤ አሁን ከሰው ገላ ላይ የወለቀ ይመስላል።

"ኧረ ተይ ጄሪ፣ ይቆጣል" አለች ሳምሪ።

"ይቆጣ!" ፋይል የምናስቀምጥበት የብረት ካቢኔት ውስጥ ወርውሬ ቆለፍኩበት።

ቁልፉን ሳልነቅል ስልኬ ጮኸ። ሸዋንግዛው ነው።

"ጄሪ፣ ክፈቺልኝ። ጨለመብኝ።"

በመስኮቱ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።

"የት ሆነህ ነው?"

"ፊልድ ነኝ፣ ዲመካ። ክፈቺልኝ በናትሽ!"

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ድምፁ ግን አልተቋረጠም። "ክፈቺልኝ፣ ጄሪ!" ይላል ከካቢኔቱ ውስጥ፤ የብረቱ በር ከውስጥ ይደበደባል። ሳምሪ ጫማዋን ጥላ ወጣች።

ቁልፉን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሽማግሌው ወንበር ሳብኩላቸው።

"አባባ፣ እኔ ጋ ይቀመጡ። እሱ ፊልድ ነው።"