ባሕሩ በስተግራ ነው

ጫጉላ ማለት አዲስ ተጋቢዎች ከዘመድ አዝማድ ዐይን ርቀው፣ ገና ሳይሰለቻቹ የሚያሳልፉት አጭር ጊዜ ነው። ለደላላው ለቶሚ ግን ጫጉላ የቪዛ ጥያቄ ነው።

አጸደ አውሮፓ የነርስነት ሥራ አግኝታለች። ይድነቃቸው አብሯት መግባት የሚችለው ባሏ ሆኖ ነው። የኤምባሲው የቪዛ ኦፊሰር ካላመነ እሷ ትሄዳለች፣ እሱ ናይሮቢ ይቀራል።

"ጫጉላችሁን ደሴት ላይ አድርጌዋለሁ" አለ ቶሚ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሮው። ስልኩ ላይ የሠራውን ፎቶ አሳያቸው። የሁለቱ ፊት ከማያውቁት መኪና መስኮት ብቅ ብሎ ይስቃል። ከበስተኋላ ባሕር፣ ከላይ ዝናብ የሚያንጠባጥብ ጥቅጥቅ ያለ ደን።

"እውነቱን ብንናገርስ?" አለ ይድነቃቸው።

"እውነቱን ማን ያምንሃል፣ ብሮ?"

አጸደ ሁለቱንም ናቀች። ቶሚን በሽቶው፣ ይድነቃቸውን በጭንቅላቱ። ሰው በመኪና እየሄደ የቀረጸውን የደሴቱን ቪዲዮ እየከፈተች መንገዱን ታስጠናው ጀመር።

"ከወደቡ ስንወጣ ባሕሩ በየት በኩል ነበር?"

"በቀኝ።"

"በግራ! አንተ ሰውዬ፣ ባሕር የሚያክል ነገር እንዴት ይጠፋሃል?"

"ደኑ ጋርዶኝ ነው።"

"የጋረደህስ ድንቁርናህ ነው። ፏፏቴው ጋ ጦጣዋ ምን ወሰደች?"

"መነጽርሽን።"

"ሙዜን!" አለችና፣ ስድቧን ሳታቋርጥ ከጢሙ ላይ የሩዝ ፍሬ አንስታ ጣለች።

ቶሚ ሳቀ። "ኦፊሰሩ ፊት እንዲህ ብትሰድቢው ማን ሚስቱ ነሽ ይልሻል?"

"ሚስት ካልሰደበችው ማን ይሰድበዋል?"

ወደ ሰፈራቸው ወደ ካሳራኒ በሚመልሳቸው ማታቱ፣ በሚኒባሱ ውስጥም አላረፈችም። ተሳፋሪው ሁሉ ባሕሩ በግራ መሆኑን ዐወቀ።

የቀጠሮው ቀን ጊጊሪ ባለው ኤምባሲ ለየብቻ አስገቧቸው። ይድነቃቸው መንገዱን እንደ ውዳሴ ማርያም ወጣው። ወደቡ፣ ባሕሩ በግራ፣ ፏፏቴው፣ ጦጣዋ፣ ሙዙ። አጸደም በሌላው ክፍል ያንኑ ደገመች። ስትወጣ አንድም እንዳልሳተ ከፊቱ ገባት። ለጥቂት ጊዜ ናቀችው ማለት አይቻልም።

ኦፊሰሩ አንድ ላይ ጠራቸው።

"መልሳችሁ ቃል በቃል አንድ ነው። ፎቶውም የተሠራ ነው። ሰው የኖረውን እንዲህ አያጠናም።"

ጋብቻው የውሸት ነው ተብሎ ተወሰነ።

አጸደ በወሩ ብቻዋን በረረች። እሷና ይድነቃቸው በተክሊል ከተጋቡ፣ ጫጉላቸውንም ካሳራኒ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ካሳለፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።