ገጹን የሞላ ማሳ

አልጣሽ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳ፣ እኔ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ላፕቶፔን ልዘጋ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ላቀው ሁለቱን ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ጥጋቸውን በመዳፉ ይዟል።

«ይኸው፣ በዓይንሽ እይው እንግዲህ» አላት። «የላይኛው ማሳ ያንች፣ የወንዙ ዳር የኔ። እኩል ናቸው። እኔ ብዋሽ እንኳ የመንግሥት ካርታ ይዋሻል?»

ካርታዎቹን አየኋቸው። ሁለቱም ማሳዎች ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። እንዲሞሉ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያን ዓመት ለየገበሬው ካርታ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ሲዘጋጅ፣ የመሬት አስተዳደር ቢሯችን ውስጥ ሦስት ሰው የአንድ ቀበሌ ካርታ ለማተም ወር ይፈጅበት ነበር። እኔ ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሠራበትን ትእዛዝ፣ ጻፍኩና ገላገልኳቸው። ኮምፒውተሩ ማሳውን ራሱ ይፈልጋል፣ ገጹ እስኪሞላ ያሳድገዋል ወይም ያሳንሰዋል፣ ስሙን ጽፎ ያትመዋል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ካርታ በሁለት ቀን ወጣ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ደስታዬን ዋጥኩ። ትንሹ ማሳ ከትልቁ እኩል ሆኖ እንደሚታይ ማናችንም አላሰብንም።

አልጣሽ ፈረስ ቤት ከተማ ከተዳረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ባሏ ሞቶባት ወደዚህ፣ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቀበሌ ከተመለሰች ገና ወሯ ነው። የአባታቸውን ሁለት ማሳ እስከ ዛሬ ያረሰው ላቀው ነው፤ አሁን አንዱን ሊለቅላት ነው። የወንዙን ዳር በልጅነቷ ሰፊ አድርጋ ታስታውሰዋለች፤ እሱ ግን ወንዙ በልቶት ከላይኛው ጋር እኩል ሆኗል ይላታል። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ስለሞላ ተሻግራ አላየችውም። ይህን ሁሉ ጠዋት ወረፋ ስትጠብቅ ነው ያጫወተችኝ። ክፍፍሉ ላይ ከፈረመች በኋላ አነሰኝ ብትል ሰሚ የላትም።

«ቶሎ በይ፣ እናቴ» አላት አለቃዬ ወንዳወቅ፣ ሰዓቱን እያየ። «ሳይመሽ ፍኖተ ሰላም መግባት አለብን።»

«ትንሽ ይቆዩ፣ እትዬ አልጣሽ» አልኩ።

ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ስፋቱ እዚህ ተጽፏል። የላይኛው ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አንድ ሄክታር ነው። የወንዙ ዳር አንድ ነጥብ ሰማንያ ሰባት።»

ላቀው ፈገግ አለ። «ቁጥሩን እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ልጄ። እኛ የምናየውን ነው የምናምን።» አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርቦ ወደ መስኮቱ አነሳው። ብርሃኑ ሲያልፍባቸው የሁለቱ ማሳ ዳር ተጋጥሞ ታየ ማለት ይቻላል። ወረፋ የያዙት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሼ እንዳሉት ይሁን» አለች አልጣሽ ቀስ ብላ። «ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የለኝም። በቁጥር አልጣላም።»

ወንዳወቅ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። «አርፈሽ አትቀመጭም?» አለኝ በሹክሹክታ። «ስፋቱ ተጽፏል፣ ስኬሉም፣ መሬቱ ካርታው ላይ ስንት እጥፍ እንዳነሰ፣ ከታች ተጽፏል። ከኛ ምን ይፈለጋል? ይህን ካነሳሽ ስድስት መቶ ሰው የፈረመው እንደገና ይታይ ይባላል። ሪፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ ያንቺ ስም ነው።»

እውነቱን ነው። ኮንትራቴ ሐምሌ ላይ ያልቃል፤ ማደስ አለማደሱም በእሱ እጅ ነው። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ፈርቼም ላፕቶፑ ፊት ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ገጹን ሙላ የሚለውን መስመር አጠፋሁት። በቦታው ለሁለቱም ማሳ አንድ ስኬል ጻፍኩ፤ በአንድ ወረቀት ያላለቀውን በሚቀጥለው እንዲያትም አዘዝኩት። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አረምኩት።

«ሁለቱንም በአንድ ልክ አትሜ ላሳያችሁ» አልኩ። «ከዚያ ትፈርማለች።»

ፕሪንተሩ የላይኛውን ማሳ አወጣ። አንድ ወረቀት ነው፤ እንደ በፊቱ ገጹን ሞልቶታል።

«ያው አይደል?» አለ ላቀው፣ እፎይ እያለ።

ቀጥሎ የወንዙ ዳር መጣ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚታየው አንድ ጥግና የታረሰ መሬት ብቻ ነው። ላቀው አንስቶ ገለበጠው፣ መልሶ አዞረው። «ዳሩ የታለ?» አለኝ።

«ገና ነው፣ ጋሽ ላቀው።»

ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ወጣ። ጠረጴዛው ስለጠበበኝ አልጣሽ ወረቀቶቹን ተቀብላኝ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ቀለም የነካውን ጣቷን ከቀሚሷ አርቃ፣ በሌላው እጇ ጠርዙን ከጠርዝ ጋር እያገጠመች። ወንዙ ወረቀቱ ጥግ ላይ በቀጭኑ ይታያል፤ ከማሳው ጋር አልተነካካም። በአራተኛው ላይ ወንዳወቅ በሩን ከፍቶ ወደ መኪናው ሄደ።

«ማተሚያውን አጥፊው» አለኝ ላቀው። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «በቃ፣ ገብቶናል።»

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለች አልጣሽ፣ ከወለሉ ቀና ሳትል። «ይጨርስ።»

ለአምስተኛው ቦታ እንዲገኝ ሰዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ላቀው ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ እግሩ ወለሉ ላይ በተዘረጋው ማሳ ላይ ነው። ፕሪንተሩ ስድስተኛውን መሳብ ጀመረ።