የተዘቀዘቀ ነጠላ

ኛሙት ከጋምቤላ ከተማ አቦቦ ድረስ የወረደችው ለመመረቂያ ጥናቷ ነበር። የያዘችው ወረቀት የአንድ ሰፋሪ ገበሬ ቃለ መጠይቅ ነው፤ መልሱን የሰጠው ግን "እንደ ገበሬ ሆነህ መልስ" የተባለ ኮምፒውተር ነበር። ይህን እዚያው ሰፋሪ ለሆኑት ለወይዘሮ ደመቀች አስቀድማ አልነገረቻቸውም። ሳያውቁ ሰምተው፣ ንግግሩ የእውነተኛ ሰፋሪ ገበሬ ይመስል እንደሆነ እንዲፈርዱ ፈልጋለች።

ስለ በቆሎው አነበበችላቸው። "እንዲያ ነው" አሉ። ስለ አልዌሮ ወንዝ ውሃ አነበበችላቸው። "እውነቱን ነው" አሉ። "ባለፈው ሐምሌ ሴት ልጄን ወባ ገደለብኝ" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ወይዘሮ ደመቀች ከበርጩማቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አውልቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ለበሱና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

"ወዴት ነው፣ እማማ?"

"ቤቱን አሳዪኝ እንጂ! በሰባ ሰባት አብረን የሰፈርን ሰዎች፣ ከሐምሌ እስካሁን ለቅሶ ሳልደርስ? በምን ዓይኔ ላየው ነው?"

ኛሙት ወረቀቱን አጠፈችው። "ሰውየው የለም፣ እማማ። ኮምፒውተር ነው የመለሰው። ልጅቷም የለችም።"

ወይዘሮ ደመቀች አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እንዳስገቡ ተመልሰው ተቀመጡ። የታጠፈውን ወረቀት ትንሽ አዩት።

"ኮምፒውተሩ ልጅ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያ ይህን ከሰው ነው የሰማው" አሉ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ። "ለዚያ ሰውስ ለቅሶ የደረሰለት አለ?"